ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ወይስ ሩቅ ቀይ? ለቡቃያ የብርሃን ቀለም ስትመርጡ

አንድ ዘር አፈር ውስጥ ሆኖ ሲበቅል ከጨለማ በቀር የሚያውቀው የለም። ግንዱ ይረዝማል። ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ክኮቹ፣ ማለትም ከዘሩ ጋር የሚመጡት ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች፣ ተጣብቀውና ቢጫ ሆነው ይቆያሉ። ቡቃያው ያለውን ስንቅ ሁሉ ወደ ላይ ለመውጣት ያውለዋል። ከአፈር ብቅ ብሎ ብርሃን ሲነካው ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ግንዱ መርዘሙን ይገታል፣ መንጠቆው ይቃናል፣ ክኮቹ ተከፍተው መለምለም ይጀምራሉ።

ከውጭ የሚታየን የቅርጽ ለውጥ ነው። ከውስጥ የተለወጠው ግን የጂኖች ንባብ ነው። ጂን በዲኤንኤ ላይ የተጻፈ መመሪያ ነው። መመሪያው ሥራ ላይ የሚውለው ሕዋሱ ወደ አርኤንኤ ሲገለብጠው ነው። ከዚህ በኋላ «ጂኑ ተነበበ» ስል ይህን ማለቴ ነው። በ2001 በአራቢዶፕሲስ (ለላብራቶሪ ጥናት በጣም በሚዘወተር ትንሽ ተክል) ቡቃያዎች ላይ የወጣ ጥናት ብርሃን ከጂኖቹ እስከ ሲሶ የሚደርሱትን ንባብ እንደሚለውጥ አሳይቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አራቢዶፕሲስ ወደ 27,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች አሉት። ስለዚህ አንድ አምፖል ስታበሩ የምትነኩት ነገር ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው «የትኛው ቀለም ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው እንዲህ ሲጀምር መልሱም አብሮ ይበላሻል። ቡቃያ ቀለምን እንደ እኛ አያይም። የሚያየው በተቀባይ ፕሮቲኖቹ ነው። መጠየቅ ያለብን «የትኛውን ተቀባይ መቀስቀስ እፈልጋለሁ?» ብለን ነው። እሱ ከተመለሰ ቀለሙን መምረጥ አይከብድም።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸው። ጤነኛ ችግኝ ማሳደግ ከሆነ ዓላማችሁ፣ ሰማያዊ ያልጎደለበት ነጭ ብርሃን ይበቃችኋል። የጂን ሙከራ ከሆነ፣ ቀይ፣ ሩቅ ቀይ (ለዓይናችን በጭንቅ የሚታይ፣ በቀይና በታህተ ቀይ መካከል ያለ ብርሃን) እና ሰማያዊ ለየብቻቸው ያስፈልጋሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ጨለማ። አረንጓዴና አልትራቫዮሌት የተለየ ጥያቄ ላለው ሰው ናቸው። ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ይቀጥል።

መጀመሪያ ተቀባዮቹ

ታሪኩ ከሰላጣ ዘር ይነሳል። በ1952 ሃሪ ቦርትዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሆነው አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። የረጠበ የሰላጣ ዘር ለአጭር ጊዜ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ይበቅላል። ከቀዩ ቀጥሎ ሩቅ ቀይ ሲበራበት ግን አይበቅልም። ደግመው ቀይ ሲያበሩበት ይበቅላል። ቀይና ሩቅ ቀይን ደጋግመው ቢያፈራርቁም ዘሩ የሚታዘዘው ለመጨረሻው ብልጭታ ብቻ ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ፕሮቲን ፋይቶክሮም ተባለ። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው 660 ናኖ ሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ይውጥና ወደ ሁለተኛው ይለወጣል። ሁለተኛው 730 አካባቢ ያለውን ሩቅ ቀይ ሲውጥ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ንቁ የሚባለው ቀይ ብርሃን የሚፈጥረው መልክ ነው። አራቢዶፕሲስ አምስት ፋይቶክሮሞች አሉት። ለቡቃያ ዋነኞቹ ኤ እና ቢ ናቸው።

ንቁው ፋይቶክሮም ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ ይገባል። እዚያ «ፒፍ» የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የጨለማውን ሥርዓት የሚያስከብሩት እነዚህ ናቸው። ግንድ የሚያስረዝሙ ጂኖችን ያስነብባሉ፣ የልምላሜ ጂኖችን ያፍናሉ። ፋይቶክሮም ሲይዛቸው በደቂቃዎች ውስጥ ለመፍረስ ይዳረጋሉ። ከዚያ በኋላ የልምላሜ ጂኖች የሚያፍናቸው የለም።

ሌላ ጥንድም አለ። «ኮፕ1» እና «ኤችዋይ5»። ኤችዋይ5 በሺዎች በሚቆጠሩ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ አርፎ የብርሃን ጂኖችን የሚያስነብብ ፕሮቲን ነው። በጨለማ ውስጥ ኮፕ1 እየተከታተለ ያስፈርሰዋል። ብርሃን ሲመጣ ኮፕ1 ይታገዳል፣ ኤችዋይ5 ይጠራቀማል። ኮፕ1ን የሚያግደው ደግሞ ፋይቶክሮም ብቻ አይደለም። የሰማያዊ ብርሃን ተቀባዩ ክሪፕቶክሮምም፣ የአልትራቫዮሌት ተቀባዩም ኮፕ1 ጋ ይደርሳሉ። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ሳሎኑ ግን አንድ ነው።

ለምርጫችን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ያ የ2001 ጥናት በነጭ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በሩቅ ቀይ ያደጉ ቡቃያዎችን የጂን ንባብ ሲያስተያይ በአብዛኛው የሚመሳሰል ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ የጂን መዝገብ አለ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ተጠራጠሩ። የቀለም ልዩነት የሚታየው በፍጥነቱ፣ በጥንካሬውና ዳር ዳር ባሉ ጥቂት ጂኖች ላይ ነው። ዳር ዳር ያሉት ግን እንደ ዓላማችሁ ዋናው ነገር ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀይ፦ ንጹሕ ጥያቄ ለሚጠይቅ

660 ናኖ ሜትር ላይ ያለ ቀይ ብርሃን ከፋይቶክሮሙ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን ንቁ ያደርገዋል። መቶ በመቶ አይደርስም፤ ንቁው መልክም ጥቂት ቀይ ስለሚውጥ። እንዲያም ሆኖ ፋይቶክሮምን ለመቀስቀስ ከዚህ የሚበልጥ ቀለም የለም። የሚነሱት ጂኖች ከሞላ ጎደል የሚጠበቁት ናቸው። ብርሃን የሚሰበስቡ ፕሮቲኖችን የሚሠሩት «ካብ» ጂኖች፣ የክሎሮፊልን መንገድ የሚከፍተው ሄማ1፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኢንዛይም፣ የሩቢስኮ፣ ትንሿ ክፍል ጂኖች።

ቀይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲበራ መሪው ፋይቶክሮም ቢ ነው። ኤ በብርሃን ስር በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳል። ቢ ግን ይጸናል።

የቀይ ትልቁ ጥቅም ተገልባጭነቱ ነው። ለአንድ ቡድን ቡቃያ የቀይ ብልጭታ ብቻ ስጡ። ለሌላው የቀይ ብልጭታ ሰጥታችሁ ወዲያው ሩቅ ቀይ አስከትሉ። ጂኑ በመጀመሪያው ቡድን ተነስቶ በሁለተኛው ካልተነሳ፣ ሥራው የፋይቶክሮም ነው። በሌሎቹ ቀለሞች እንዲህ በቀላሉ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከጥንቱ የቤልትስቪል ሙከራ ወዲህ ይህ ዘዴ አላረጀም። በግሌ በጣም የምወደው የብርሃን ሙከራም ይኸው ነው።

ለማሳደግ ግን ቀይ ብቻውን አልመክረውም። ግንዱ ይለጠጣል። ቡቃያው ወደ ብርሃን ምንጭ አይታጠፍም፤ የመታጠፍን ሥራ የሚሠራው የሰማያዊ ተቀባይ ስለሆነ። ችግሩ ቡቃያነት ሲያልፍም ይቀጥላል። በ2010 የታተመ የኪያር ሙከራ በቀይ ብቻ ያደጉ ቅጠሎች ፎቶሲንተሲሳቸው እንደሚታወክ አሳይቷል። 7 በመቶ ብቻ ሰማያዊ ሲጨመር ግልጽ የሆነው መታወክ ጠፍቷል። ትንሽ ሰማያዊ ያን ያህል ዋጋ አላት።

ሩቅ ቀይ፦ ሁለት ፊት ያለው

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሩቅ ቀይ ለብቻው ሲበራና ከሌላ ብርሃን ጋር ሲጨመር ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

መጀመሪያ ለብቻው። በጨለማ የበቀለ ቡቃያ ብዙ ፋይቶክሮም ኤ ያጠራቅማል። የማያቋርጥ ሩቅ ቀይ ሲበራበት ይህ ፋይቶክሮም ይነሳል፣ ረዳት ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ ያስገቡታል። የብርሃን ጂኖች መነበብ ይጀምራሉ። ግንዱ ያጥራል፣ ክኮቹ ይከፈታሉ። በጀርመን ፍራይቡርግ ሃንስ ሞር ነጭ ሰናፍጭን በሩቅ ቀይ እያበቀለ ሲያጠና የሠራው በዚህ ነው። በ1966 ፋይቶክሮም የሚሠራው ጂኖችን እየመረጠ በመቀስቀስ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጂን በቀጥታ መለካት ገና ባልተቻለበት ዘመን እንዲህ ማሰብ ድፍረት ነበር።

ግን ቡቃያው አይለመልምም። ክሎሮፊል ሲሠራ ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዷ ራሷ ብርሃን ትጠይቃለች። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም የያዘው ቁስ ቀይና ሰማያዊ እንጂ ሩቅ ቀይ አይውጥም። የልምላሜ መመሪያዎች ተነበዋል፤ ልምላሜው ግን የለም። የጂን ንባብ የሚለካ ሰው ይህን ሥዕል በአእምሮው ይያዝ። ጂኑ ተነበበ ማለት ነገሩ ተሠራ ማለት አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቡቃያውን ለቀናት በሩቅ ቀይ ብቻ አቆይታችሁ ወደ ነጭ ብርሃን ብታወጡት ብዙ ጊዜ አያገግምም። ክሎሮፊል የሚያጠናቅቀው ኢንዛይም በሩቅ ቀይ ቆይታው ተመናምኗል። ቡቃያው ይነጣል፣ ይሞታል። ስለዚህ በሩቅ ቀይ ያደገ ቡቃያ ናሙና እንጂ ችግኝ አይሆንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፊት እንሂድ። በቀን ብርሃን ቀይና ሩቅ ቀይ ተቀራራቢ ናቸው። የቀይ ለሩቅ ቀይ ንጽጽር 1.2 አካባቢ ነው። ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ሩቅ ቀዩን ያሳልፋል። በሌላ ተክል ጥላ ስር ንጽጽሩ በጣም ይወርዳል። ቡቃያው ይህን «ጎረቤት ሊጋርደኝ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ፋይቶክሮም ቢ ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። ፒፍ7 እና ጓደኞቹ ይነሳሉ። የእድገት ሆርሞን የሆነውን ኦክሲን የሚሠሩ የዩካ ጂኖች ይነበባሉ። የጥላ ምልክት ተብለው የሚለኩት «ኤቲኤችቢ2» እና «ፒአይኤል1»ም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፍ ብለው ይታያሉ። ግንዱ ይመዘዛል።

እንግዲህ አንዱ ሩቅ ቀይ ጨለማ ውስጥ ያለውን ቡቃያ ያሳጥራል፣ ብርሃን ላይ ያለውን ያስረዝማል። ቀለሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ተቀባዩ ነው። በጨለማ ፋይቶክሮም ኤ ሞልቷል፤ በብርሃን ኤ ፈርሶ ሥልጣኑ የቢ ነው።

«ሩቅ ቀይ የተጨመረበት» የሚል የእድገት መብራት ስታዩ ይህን አስታውሱ። ለጎለመሱ ተክሎች ቅጠል ለማስፋት የሚረዳበት ጊዜ አለ። ለቡቃያ ግን፣ ሆን ብላችሁ መርዘምን ካልፈለጋችሁ፣ ያለሱ ይሻላል።

ሰማያዊ፦ ብዙ ሥራ፣ ብዙ ማደናገሪያ

450 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሁለት ዓይነት ተቀባዮችን ያስነሳል፤ ክሪፕቶክሮምንና ፎቶትሮፒንን። ሁለቱን አለማደባለቅ ያስፈልጋል።

ክሪፕቶክሮም የጂን ሰው ነው፤ እንዲህ ብዬ ልጥራው። በ1980 ማርተን ኮርኔፍና ባልደረቦቹ በብርሃን ስር እያሉ እንደ ጨለማ ቡቃያ የሚረዝሙ የአራቢዶፕሲስ ሚውታንቶችን፣ ማለትም ጂናቸው የተለወጠ ተክሎችን፣ ዘረዘሩ። አንደኛው፣ ኤችዋይ4 የተባለው፣ ለሰማያዊ ብርሃን እንደ ዓይነ ስውር ነበር። በ1993 ማርጋሬት አህመድና አንቶኒ ካሽሞር የጎደለውን ጂን ለይተው አወጡት። ክሪፕቶክሮም 1 እሱ ነው። ሰማያዊ ሲያገኝ ኮፕ1ን ያግዳል፣ ኤችዋይ5ን ያተርፋል። ታናሹ ክሪፕቶክሮም 2 በደካማ ሰማያዊ ይሠራል፣ ብርቱ ሰማያዊ ሲበራ ግን ይፈርሳል። ስለዚህ ሰማያዊን በአንድ መጠን ብቻ ሞክራችሁ «ሰማያዊ እንዲህ ያደርጋል» ማለት ግማሽ እውነት ይሆናል።

ከሰማያዊ ጂኖች ጎልቶ የሚታየው «ሲኤችኤስ» ነው። የፍላቮኖይድና የአንቶሲያኒን (የተክል ቀለምና መከላከያ ውህዶች) መንገድ መጀመሪያ ላይ ያለውን ኢንዛይም ይሠራል። ብርቱ ሰማያዊ ያገኘ ቡቃያ ግንዱ ወይን ጠጅ ሲመስል የምታዩት የዚህ ጂን ሥራ ነው። የላብራቶሪ ዕቃ ለሌለው ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። የጂን ንባብን በዓይን ማየት ይቻላል ማለት ነው።

ፎቶትሮፒን ደግሞ ሥራው በአብዛኛው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ነው። ግንድን ወደ ብርሃን የሚያጥፈው እሱ ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 ባሳተሙት ሥራ የሣር ቡቃያ ጫፉ ከተሸፈነ ወደ ብርሃን እንደማይታጠፍ አሳይተዋል። ተቀባዩ ራሱ የተለየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው። ፎቶትሮፒን ፈጣን ነው። ሰማያዊ በበራ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግንዱ መርዘሙን ይቀንሳል። ይህ ጂን ተነቦ፣ ፕሮቲን ተሠርቶ የሚደረስበት ፍጥነት አይደለም። ክሪፕቶክሮም ሥራውን የሚረከበው ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያያችሁትን ሁሉ የጂን ውጤት ነው አትበሉ።

ሰማያዊ ፋይቶክሮምንም በከፊል ይቀሰቅሳል። ስለዚህ «በሰማያዊ ያደገ፣ እንግዲያው የክሪፕቶክሮም ውጤት» የሚለው ድምዳሜ አይጸናም። ክሪፕቶክሮም የጎደለው ሚውታንት ጎን ለጎን ማብቀል ያስፈልጋል። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ሰማያዊን ከቀይ ዳራ ጋር ስጡ። በሁለቱም ቡድን ቀዩ እኩል ይሁን፣ በአንደኛው ብቻ ሰማያዊ ይጨመር። ፋይቶክሮሙ በሁለቱም በኩል ስለሚነሳ ልዩነቱ በይበልጥ ወደ ሰማያዊ ተቀባዮች ያመለክታል።

ለማሳደግ ሰማያዊ ያሳጥራል፣ ያጠነክራል ይባላል። በአብዛኛው ልክ ነው። ሰማያዊ ብቻውን ሲሆን ግን በአንዳንድ ዝርያዎች ግንዱ እንደገና ይረዝማል። ሰማያዊ ብቻውን ፋይቶክሮምን በበቂ ስለማያነሳ ነው። ጥቂት ቀይ ሲገባበት ይታረማል። ቀይ ያለ ሰማያዊ እንደሚቸገረው ሁሉ ሰማያዊም ያለ ቀይ አይሆንለትም።

አረንጓዴና አልትራቫዮሌት

አረንጓዴን ባጭሩ ልለፈው። ጥቅሙ ለሠራተኛው ነው። በጨለማ ክፍል የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዲያዩበት ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ያበራሉ፣ «አይነካውም» ብለው። ፋይቶክሮም ኤ ግን እጅግ በጣም ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፤ አረንጓዴም ይሠራለታል። ለጂን ንባብ የሚሰበሰብ የጨለማ ናሙና ላይ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። መብራቱ እጅግ ደብዛዛ፣ ቆይታውም አጭር ይሁን። ከተቻለ ጭራሽ አይብራ። ለማሳደግ ደግሞ አረንጓዴ ብቻውን መግዛት አያዋጣም። ነጭ ብርሃን ውስጥ በብዛት አለ።

አልትራቫዮሌት ቢ፣ ከ280 እስከ 315 ናኖ ሜትር ያለው፣ የራሱ ተቀባይ አለው፤ ዩቪአር8። በ2011 ተቀባይነቱ ተረጋገጠ። ጥንድ ሆኖ ይኖራል። አልትራቫዮሌት ሲመታው ይለያያል፣ ኮፕ1ን ይይዛል፣ ኤችዋይ5ንና ሲኤችኤስን ያስነሳል። ቡቃያው የፀሐይ መከላከያውን ይሠራል። መጠኑ ከበዛ ግን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ የጉዳት ጂኖችም ይነሳሉ። ያኔ የምትለኩት ምልክት ይሁን ቁስል ለመለየት ይከብዳል። ተራ የላስቲክ ፔትሪ (የላብራቶሪ ማብቀያ ሳህን) ክዳን ይህን ብርሃን እንደሚያግድም አትርሱ፤ መብራቱ በርቶ ቡቃያው ጋ ላይደርስ ይችላል። ዓይንና ቆዳችሁን ሸፍኑ።

ነጭ፦ ለአብዛኛው ሰው

የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ 450 አካባቢ የሚያበራ ሰማያዊ ቺፕ ነው። ላዩ ላይ ያለው ፎስፈር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል። ሩቅ ቀይ በጣም ጥቂት ነው። ይህ ለቡቃያ ጥሩ ዜና ነው፤ ጥላ አለ ብሎ አይደናገጥም። ቀዝቃዛ ነጭ፣ 6,500 ኬልቪን አካባቢ የሚጻፍበት፣ ሰማያዊው ይበዛል። ሞቃት ነጭ፣ 2,700 አካባቢ ያለው፣ ቀዩ ይበዛል። ለቡቃያ ቀዝቃዛውን እመርጣለሁ፤ ግንዱ አጠር ብሎ ይጠነክራል።

ለምርምር ግን ነጭ ሁሉንም ተቀባይ አንድ ላይ ስለሚያነሳ የማን ሥራ እንደሆነ አይነግራችሁም። ማመሳከሪያ ይሁን እንጂ መልስ አይጠበቅበትም።

ቀለሙን ከመውቀስ በፊት መጠኑን ለኩ

ይህን ክፍል መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። የብዙ ንጽጽሮች ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ሁለት ቀለሞችን በዋት አታመሳስሉ። የቀይ ፎቶን፣ ማለትም የቀይ ብርሃን ቅንጣት፣ ጉልበቱ ከሰማያዊው ያነሰ ነው። በእኩል ጉልበት 660 ላይ ያለ ብርሃን 450 ላይ ካለው አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ብዙ ፎቶን ይይዛል። በሉክስ ማመሳሰል ደግሞ የባሰ ነው። ሉክስ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ ዓይናችን ደግሞ 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ያዳላል። ትክክለኛው ልኬት በካሬ ሜትር በሰከንድ የሚያርፈው የፎቶን ብዛት፣ በማይክሮሞል ነው። ለአራቢዶፕሲስ ማሳደጊያ በተለምዶ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሞል ይሰጣል። ለንጽጽር፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ትጠጋለች። ፎቶኑ እኩል ቢሆንም ተቀባዮቹ እኩል ተነሱ ማለት አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለም ቢያንስ በሁለት ሦስት መጠን መሞከር ይበጃል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ሙቀት ነው። በ2016 ሁለት የምርምር ቡድኖች ፋይቶክሮም ቢ ሙቀትንም እንደሚያነብ አሳዩ። ሲሞቅ ንቁው መልክ ያለ ብርሃን ቶሎ ወደ እንቅልፉ ይመለሳል፣ ፒፎች ይነሳሉ፣ ግንዱ ይረዝማል። አንዱ መብራታችሁ ከሌላው ጥቂት ዲግሪ ቢያሞቅ «የቀለም ልዩነት» ያላችሁት የሙቀት ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩ መብራቱ ጋ ሳይሆን ቡቃያው ጋ ይቀመጥ።

ሰዓትም አለ። ብዙ የብርሃን ጂኖች ከተክሉ የውስጥ ሰዓት ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። የቀዩን ናሙና ጠዋት፣ የሰማያዊውን ከሰዓት ብትሰበስቡ ያስተያያችሁት ጠዋትንና ከሰዓትን ነው። ማብቀያ ጄል ውስጥ የሚጨመር ስኳርም የፎቶሲንተሲስ ጂኖችን ያፍናል። በሁሉም ሳህን እኩል ይሁን፤ ወይም ጭራሽ አይግባ።

እንግዲህ የትኛው?

ቤት ውስጥ ችግኝ የምታበቅሉ ከሆነ ቀዝቃዛ ነጭ ኤልኢዲ ግዙ፤ ከበላይ በኩል አብሩት፣ ከጎን አይሁን። ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀለበት መብራት ቀድሞውኑ ካላችሁ ሰማያዊው ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ቢሆን ደግ ነው። ልዩ ቀለም ፍለጋ ገንዘብ ከማውጣት መብራቱን ቀረብ ማድረግ ይቀድማል። የተለጠጠ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ቀለም ሳይሆን ብርሃን ነው።

የጂን ንባብ የምትለኩ ከሆነ ጨለማን፣ ቀይን፣ ሰማያዊንና ሩቅ ቀይን አዘጋጁ። ፈጥነው የሚነሱ ጂኖችን ፈልጋችሁ ከሆነ በጨለማ አሳድጋችሁ ለአንድ ሰዓት ብቻ አብሩ። ለአራት ቀን በየቀለሙ ያደገ ቡቃያ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሳይሆን የትእዛዙን የልጅ ልጅ ነው። ቅርጹ ራሱ ስለተለያየ የሕዋሱ ዓይነት ብዛትም ተለያይቷል። ገንዘቡ ለሁለት ቀለም ብቻ ከበቃ ቀይና ሩቅ ቀይን እመርጣለሁ። ተገልባጭነቱ በቂ መልስ ይሰጣል።

ለተማሪዎች ማሳያ ለማዘጋጀት ደግሞ አራት ሳጥን ይበቃል፤ ጨለማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ዘሩ ሰናፍጭ ይሁን፤ ብዙ የሰላጣ ዓይነቶች ግን ብርሃን ካላገኙ ስለማይበቅሉ የጨለማው ሳጥን ባዶ ሊሆንባችሁ ይችላል። ባለ ቀለም ሴሎፎን የምትጠቀሙ ከሆነ ከኋላው ያለው መብራት ነጭ ኤልኢዲ ይሁን። ሴሎፎን ሩቅ ቀይን ያሳልፋል። የድሮ የክር አምፖል ወይም ፀሐይ ከኋላው ካለ ሰማያዊ ሳጥናችሁ ሳይታወቅ ሰማያዊና ሩቅ ቀይ ሳጥን ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ግንዶቹን በማስመሪያ ለኩ፣ የክኮቹን ቀለም ጻፉ፣ ወይን ጠጅ የታየባቸውን ለዩ። የጨለማውን ሳጥን መጨረሻ ላይ ክፈቱት፣ ፎቶውንም ቶሎ አንሱ። ክዳኑ ከተነሳባት ቅጽበት ጀምሮ እነዚያ ቢጫ ቡቃያዎችም ማንበብ ጀምረዋል።